ካውያ ያልነካት ቁራጭ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር። ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብለው ያስተማሩን የስፌት መምህራችን፣ አንቺ «ማስመሪያ» ብለሽ ስም ያወጣሽላቸው፣ ዛሬም ከጀርባዬ የቆሙ ይመስለኛል። እናም ጉልበትሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ልቤ እንደ አሮጌ የስፌት መኪና አልፎ አልፎ ትዘላለች እንጂ መሄዱን አልተወችም። ሐኪሙ ለእኔ ከሰጠኝ ኪኒን ይልቅ ልጄን ያስፈራራበት ቃል ይበዛል፤ «እናትህን ድንገተኛ ነገር እንዳታሰማት» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ብርጭቆ እንኳ ቢሰበር ቀስ ብሎ ነው የሚሰበረው።

የላክሽው ጥቅል ደርሶኛል። ከፖስታ ቤት ያመጣልኝ ልጄ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ሳይቀመጥ ወጣ። ገመዱን ፈትቼ ቁራጮቹን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየኋቸው። ጠርዛቸው እኩል ነው። ማዕዘናቸው ገጥሟል። ክሩ ከጨርቁ ቀለም ጋር ተስማምቷል፤ ቋጠሮው በውስጥ በኩል ተደብቋል፤ ጫፉ በጥርስ ሳይሆን በመቀስ ተቆርጧል። እንከን ፈልጌ አጣሁ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ እንቅልፌ የሚጣፍጠኝ ሰው ነበርኩ።

አንቺና መርፌ እንዴት እንደነበራችሁ የማውቅ እኔ ነኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ እናታችን እኔን ማስመሪያ ውጣ፣ አንቺን ደግሞ እየሮጠች የወለደችን ነው የምንመስለው። መሀረብ ስንቀመቅም ሥራሽን ከገዛ ቀሚስሽ ጋር የሰፋሽው ጊዜ ትዝ ይለኛል። መምህሯ «ተነሺና አሳይን» ሲሉሽ መሀረቡ ቀሚስሽን ይዞ ተነሣ። ክፍሉ በሳቅ ሲፈርስ አንቺ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ፣ «መምህር፣ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው» አልሽ። ጣትሽን በማስመሪያ መቱሽ። አንቺ ሳቅሽ፤ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ።

ባሎቻችንን ከሸኘን በኋላ እንደገና ያገናኘን ያው መርፌ ነው። አንቺ በአንድ ከተማ፣ እኔ በሌላ፤ መንገዱ ለጉልበትሽም ለልቤም የማይሆን። ስለዚህ በእጃችን የሠራነውን መላላክ ጀመርን። እኔ የድስት መያዣ ስልክልሽ፣ አንቺ የትራስ ልብስ ላክሽልኝ፤ ያውም አራቱም ጎኑ የተሰፋ፣ ትራስ የሚገባበት ቀዳዳ የሌለው። ሥራውን ከሀ ጀምሬ ጻፍኩልሽ። ሁለቱን ጨርቅ ፊትና ፊታቸውን አጋጥሚ፤ ከጠርዙ ግማሽ ጣት ያህል ትተሽ ሦስቱን ጎን ብቻ ስፊ፤ ከዚያ ገልብጪውና አፉን ቀምቅሚው፤ ይህን ደግሞ ተርትሪና እንደገና ስፊ አልኩሽ። አንቺም መልስሽን እንዲህ ስትይ ጀመርሽ፦ «አንቺ ተርትሪ፣ ደህና ነሽ ወይስ ዛሬም ሰው እየተቆጣሽ ነው? የዘጋሁት ሌባ ትራስሽን እንዳያወጣው ነው።» ከዚያ ወዲህ ስሜ «ተርትሪ» ሆኖ ቀረ። ትራስ የማያስገባውን የትራስ ልብስ እስከ ዛሬ ወንበሬ ላይ አንጥፌ እቀመጥበታለሁ።

የአልጋ ልብሱም ሐሳብ ያንቺ ነው። የሁለታችን አሮጌ ቀሚሶች ይቆረጡ፤ አንቺ አራት አራት ትንንሽ ጨርቅ እያጋጠምሽ አንድ አንድ ቁራጭ እያደረግሽ ትልኪያለሽ፤ እኔ ቁራጮቹን በረድፍ በረድፍ ሰፍቼ፣ ከሥሩ ስስ ጥጥ አንጥፌ፣ ገበር አለብሰዋለሁ። ስፌት ለጀመረ ሰው የሚሰጥ ቀላል ሥራ ነው። ለአንቺ ግን ቀላል የሚባል ነገር የለም። የሰፋሽው እንደ ሰካራም አካሄድ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሰማያዊ ክር ሲያልቅብሽ በቢጫ ትቀጥያለሽ፤ ለምን ብልሽ «ሰማያዊው ስለደከመው ነው» ትያለሽ። አንዱ ማዕዘን ሁልጊዜ ያጥራል። እኔም እየተቆጣሁ አቃናለሁ። እንዲህ እያልን ረድፉ ጨመረ።

በመካከሉ ደብዳቤሽ ተለወጠ። «ዓይኔ ስለደከመ ከእንግዲህ ልጄ ትጽፍልኛለች» የሚል መጣ። ጽሕፈቱ የልጅሽ ነው፤ መድኃኒት ቤት ስትሠራ የመድኃኒት አወሳሰድ የምትጽፍበት ያ ንጹሕ እጅ። አጀማመሩ «ውድ እህቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል» ይላል። ሌላ ሰው የጠራ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

ከደብዳቤው ጋር የመጡት ቁራጮች የተዋጣላቸው ነበሩ። መጀመሪያ ጅል ሆኜ ደስ አለኝ። ለምራቴ እያሳየሁ፣ «ተመልከቺ፣ በስተርጅና ተማረች! ይህን ሁሉ ዘመን ስወተውታት ኖሬ ይኸው ገባት» ብዬ ፎከርኩ። ምራቴ ቁራጯን ተቀብላ አየቻት፤ መልሳ ሰጥታኝ ወደ ጓዳ ገባች። ወጥ አረረባት ብዬ ነበር። ምድጃው አልተለኮሰም።

ያንን ጥቅል ከመቀበሌ በፊት አንዲት ቁራጭ መልሼልሽ ነበር፤ ትምህርት የጨረስሽ ቀን የለበስሽው ሰማያዊ ቀሚስ ያለባትን። በጣም ጠማማ ነበረች። «ይህ ለሰው ስጦታ ሆኖ ሊቀርብ ነውር ነው፤ ተርትሪና እንደገና ስፊ» ብዬ ጻፍኩ። የጠበቅሁት ስድብ ነው። አንቺ በዕድሜሽ የሰፋሽውን ተርትረሽ አታውቂም። እንደ ልማድሽ ሰድበሽ ያንኑ ትመልሺልኛለሽ፤ እኔም እንዳለች እገጥማታለሁ። ደንባችን ይኸው ነበር፤ የኔ ማዘዝ፣ ያንቺ እምቢ ማለት።

ቁራጯ ተተርትራ፣ እንደገና ተሰፍታ መጣች። «ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ» የሚል ቃል አብሯት ነበር።

ወደ መስኮቱ ወስጄ ጨርቁን ወጠር አድርጌ ያዝኩት። ከአዲሱ ስፌት ጎን የድሮው መርፌ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ተራርቀው፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች እያሉ ይሄዳሉ። በጥፍሬ ተከተልኳቸው። ጫፍ ላይ ስትደርሺ ለመጨረስ እንደምትቸኩይው፣ እዚያም ቸኩለሻል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች መካከል አንድ ጣት ይገባል። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። የተነሣሁት ምራቴ «ምሳ ቀርቧል» ስትለኝ ነው።

የተሰፋ ነገር ይተኮሳል። ያልተተኮሰ ስፌት አልቋል አይባልም ብዬ ስንቷን ሴት አስተምሬያለሁ። ይህችን ግን አልተኮስኳትም። እንፋሎት የነካው ጨርቅ ቀዳዳው ይደፈናል። ከሌሎቹ መካከል ተጨማድዳ ተቀምጣለች፤ የሚያይ ሰው ሰነፍ ሠራው ቢል ይበል።

ዓይኔ ከተከፈተ በኋላ ቤቱም እንደ መጽሐፍ ተነበበልኝ። ልጄ ለሥራ ብሎ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ አብጦ። «እህቴን አየሃት?» ብለው፣ «ሥራ በዛብኝ» አለኝ። አክስቱ ደጅ ደርሶ ሳይገባ የሚመለስ ልጅ አላሳደግሁም። ስልክ ደውልልኝ ስለው «ኔትወርክ የለም፣ እማዬ» ይላል። አንድ ቀን «የሌለው ኔትወርኩ ብቻ ነው?» አልኩት። ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነሥቶ ወጣ፤ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ፊቱ ተቀምጦ ነበር። ምራቴን ደግሞ ታውቂያታለሽ፤ ክር ወለሉ ላይ ባየች ቁጥር «እማማ፣ ይህ ቤት የሰው ነው የሸረሪት?» የምትለኝ ናት። አሁን ጎንበስ ብላ ክሩን ለቅማ ትሄዳለች። ነገረኛ ሰው ሲለሰልስ ያስፈራል።

አልጠየቅኋቸውም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እኔም እንደዚያ ተኝቻለሁ። እነሱ ለእኔ ይጠነቀቃሉ፣ እኔ ለእነሱ። የከበደኝ አንድ ነገር ነው። ማልቀስ አልቻልኩም። አሮጊት ስታለቅስ ከታየች ምን ሆነሽ ትባላለች፤ ምን ልበል? ስለዚህ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ምራቴ «እማማ፣ ይተዉት፣ እኔ እከትፈዋለሁ» ብላ ቢላውን ልትቀማኝ ስትል፣ «ሐኪሙ ሽንኩርት አልከለከለኝም» አልኳት። እሷም ሌላ ቢላ አምጥታ አጠገቤ ቆማ ትከትፍ ጀመር። ሁለታችንም ዓይናችንን እየጠረግን፣ ለዚያ ቤት የማያስፈልግ ሽንኩርት ከተፍን። ሳምንቱን ሁሉ ወጡ ጣፈጠ።

ግን በሽንኩርት እስከ መቼ? ድንገተኛ ነገር ይገድላታል አሉ። እኔን የሚገድለኝ ይኸው ቀስ በቀሱ ነው። ልቤ ዘላ ዘላ አንድ ቀን ሳትመለስ ብትቀር፣ የሚገባኝን ሳላለቅስ መሄዴ ነው። ይህን አልፈልግም። የኔ ድርሻ የሆነውን ሐዘን ሌላ ሰው በአደራ እንዲያስቀምጥብኝ አልፈልግም።

አሁን ይህን ደብዳቤ ለምታነብልሽ ልጅሽ የምልሽን ንገሪልኝ።

ስፌቷ እጅግ መልካም ነው በያት። በደብዳቤ የተቆጣሁትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር አርማዋለች፤ ጠርዙን ብል ጠርዙን፣ ቋጠሮውን ብል ቋጠሮውን። ለሌላ ሰው ከተጻፈ ቁጣ ስፌት የተማረች እሷን ብቻ ነው ያየሁት። ያቺን ሰማያዊ ቁራጭ በመተርተሯ እንዳትጸጸት። ያዘዝኩት አንቺን ነበር፤ አንቺ ደግሞ እንደማትታዘዢኝ አውቅ ነበር። እሷ ምን ታድርግ፤ ታዛዥ ልጅ ናት።

ደግሞም የአልጋ ልብሱ የእሷ መሆኑን ንገሪያት። «ለልጄ ነው፤ እንዳትነግሪያት። ስሰፋ አይታ ‹እማዬ፣ ይህ የአልጋ ልብስ ነው ወይስ የዓለም ካርታ?› ብላ ስቃብኛለች። የሳቀችበትን ትልበሰው» ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ምስጢር አውጥቼ አላውቅም፤ ዛሬ አወጣሁ። ብትቆጪኝ በወደድኩ። ስጦታዋን ሳታውቅ በገዛ እጇ ስትሰፋ ከረመች፤ ከእንግዲህ እያወቀች ትስፋው።

አንድ ረድፍ ቀርቶታል። ቁራጮቹ ተዘጋጅተዋል፣ ጥጡና ገበሩም አሉ፤ ብቻዬን ግን አልሰፋውም። ትምጣ። ከአጎትም ከጎረቤትም ማንንም አታስከትል፤ ልጄንም እኔ ራሴ ከቤት አስወጣዋለሁ። ለልቤ ከፈራች የሚያስፈልገውን መድኃኒት ከምትሠራበት ይዛ ትምጣ፤ ከእሷ የተሻለ ማን ያውቀዋል? ጎን ለጎን እንቀመጥ። መርፌ የያዙ ሁለት ሴቶች ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ብዙ ነገር ይባባላሉ። ከየት እንደምትጀምር ከጨነቃት ከማለዳው ትጀምር፤ ቀኑ እንዴት እንደነጋ፣ ማን አጠገብሽ እንደነበር፣ አንዳች የተናገርሽው ቃል እንዳለ። አላቋርጣትም። አላርማትም። ስትጨርስ ሥራውን አስቀምጠን፣ በሩን ዘግተን፣ ማንም ተዉ ሳይለን የሚሆነውን እንሆናለን።

መንገዱን ያቅናላት። ለአንቺ የምለው ቃል አለኝ፤ እሱን በደብዳቤ አልጽፈውም። ለልጅሽ ግን ፈጣሪ ጽናቱን ይስጣት፤ ለእኔም እንደዚሁ።

ደጁን ከፍታ የምትጠብቅሽ፣
አክስትሽ