የመምህርት ቀይ እስክሪብቶ የሕይወት ታሪክና የአንድ ደብተር ነገር

መምህርት ቀይ እስክሪብቶ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ ሲጠሩበት ደስ ይላቸው ነበር። በ1961 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው አርባ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተማሩ። ሰው በራሱ ላይ ለሚያደርገው ነገር የሚገባውን ቃል፣ «ማይሰልፍ፣ ሂምሰልፍ፣ ኸርሰልፍ» እያሰኙ ክፍሉን ቁጭ ብድግ ያደርጉት ነበር። የሰባዎቹንም ተማሪዎች ደብተር ራሳቸው ያርማሉ፤ ለማንም አያሳርሙም።

በ1966 ዓ.ም. ከአንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ባለቤታቸው አረፉ። ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን አሳደጓት፤ እውነቱን ለመናገር፣ አሞላቀቋት።

በ1984 ዓ.ም. ልጃቸው እሳቸው ክፍል ትማር ነበር። በዚሁ የ«ማይሰልፍ፣ ሂምሰልፍ» ትምህርት አሥር ዓረፍተ ነገር ጻፉ ቢባል፣ የእሷና የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ሥራ ቃል በቃል አንድ ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ዓይኗን በጨው አጥባ «የኮረጀው እሱ ነው» አለች። መምህርትም ለርእሰ መምህሩ «የእኔ ልጅ አትኮርጅም» አሉ። ልጁ ተባረረ። ሁለተኛ ትምህርት ቤት አልረገጠም፤ የአባቱን መቀስ ያዘ።

ከዚያ ወዲህ መምህርት በፀጉር ቤቱ በኩል አልፈው አያውቁም። በገበያው ይዞራሉ። ሲጠየቁ «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ይሉ ነበር። የጨጓራ ካንሰር ይዟቸው ሐኪም ቤት ሲመላለሱ እንኳ ታክሲውን ያዞሩት ነበር።

ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው ልብሳቸውን ልታወጣ ቁም ሣጥኑን ብትከፍት የራሷን የያኔ ደብተር አገኘች። «አባቴ እሑድ እሑድ መስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን ይላጫል» ከሚለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሥር፣ ልጁ የተባረረበት ቀን ተመልክቶ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል፦ «ባለቤቴ አንድ ቀን ጺሙን ተላጭቶ አያውቅም።»

ያውቁ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሷ አታለልኳቸው ስትል፣ እሳቸው አውቀው ዝም ብለው ነበር። ምነው ያኔ በተቆጧት!

መምህርት ከአንድ ልጃቸው በቀር የተዉት ሰው የለም። ይህን የጻፈችው እሷ ናት፤ የኮረጀችውም እሷ ናት። ያኔ የተባረሩት ልጅ፣ የዛሬው ፀጉር አስተካካይ፣ መምህርታቸውን ሊሸኙ መጥተው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ደብተሩን ዛሬ ይዛላቸው መጥታለች።

የእናታችንን ነፍስ ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበል። ለልጃቸው የሚሰጠውን ምሕረት ግን፣ በሩ አጠገብ የቆሙት ሰው ያውቃሉ።