ጋዝ አየር ላይ አልለቅም ያሉት የአቶ ተስፋጽዮን ገብረሰንበት የሕይወት ታሪክ

አቶ ተስፋጽዮን ገብረሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ገብረሰንበት ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺአረግ ደምሴ በኅዳር ወር 1954 ዓ.ም. ቡታጅራ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ገሰሰ ነኝ። እርሳቸው ቢያነቡት ግማሹን "ይኼ ምን ያደርጋል" ብለው እንደሚሰርዙት አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን የሚሰርዝ ስለሌለ እንዳለ ይነበባል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በቡታጅራ ተከታትለው በ1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ አጎታችን ዘንድ መጡ። ሁለተኛ ደረጃን ሲያጠናቅቁ በሙያ ትምህርት ቤት የማቀዝቀዣ ጥገና ተምረው በአንድ የምግብ ማከማቻ ተቀጠሩ። ከወሎ ሐይቅ ከተማ ከመጡት ከአቶ ሰይድ ይማም ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው። አንዱ ሲጾም ሌላው ስለሚበላ ምሳ አብረው የሚቀመጡት አልፎ አልፎ ነበር፤ ሥራ ላይ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይታዩም። በ1985 ዓ.ም. ሩዋንዳ ሠፈር የፍሪጅና የኤሲ መጠገኛ በጋራ ከፈቱ።

በ1987 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፀጋ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጽመው ገብረትንሣኤንና የትናየትን ወልደዋል። በሠርጋቸው ዕለት የለስላሳው ማቀዝቀዣ ስለተበላሸ ሙሽራው ኮታቸውን አውልቀው ሲጠግኑ ቆይተዋል። ወይዘሮ ፀጋ ይህን እስከ ዛሬ አልረሱትም።

በ2003 ዓ.ም. ስለ ማቀዝቀዣ ጋዝ ጉዳት ለሙያተኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ተካፈሉ። እስከዚያ ድረስ እንደማንኛውም ጠጋኝ ፍሪጁ ውስጥ የቀረውን ጋዝ ቱቦውን ቆርጠው አየር ላይ ይለቁት ነበር። ከሥልጠናው በኋላ ግን በዓል በመጣ ቁጥር ቤተ ዘመዱን ሰብስበው ምድርን የሚያሞቁትን ጋዞች በደረጃ ያስቀምጡልን ጀመር። አንደኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከሚቃጠል ነዳጅና ከሚጨፈጨፍ ደን እየወጣ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ሁለተኛው ከከብት ሆድና ከቆሻሻ ክምር የሚወጣው ሚቴን ነው። እኔ አራብሳ ዳር የወተት ላሞች ስለማረባ ይህን ማዕረግ ለእኔ ሰጥተው "እንኳን ደስ አለህ" ይሉኝ ነበር። ሦስተኛው ናይትረስ ኦክሳይድ ከማዳበሪያ ስለሚመጣ አባታችንንም በሕይወት ሳሉ ለበቆሏቸው የሚበትኑትን ማዳበሪያ እያነሡ አልማሯቸውም። የእርሳቸው የማቀዝቀዣ ጋዝ ሰው በየዓመቱ ከሚለቀው ውስጥ ድርሻው ከሦስቱም ያነሰ መሆኑን አይደብቁም። ይሁንና ብዙዎቹ የማቀዝቀዣ ጋዞች ኪሎ በኪሎ ሲነጻጸሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሺህ እጥፍ በላይ ያስከነዳሉ ሲሉን ቀልዱ ያበቃል።

ከዚያ ወዲህ ጋዝ ወደ ሲሊንደር የሚስብ ማሽን ገዝተው አንድም ቀን አየር ላይ አልለቀቁም። ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። በ2008 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ የትልቁ ደንበኛቸው ምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ሥጋ እንደሞላ ቆመ። ባለቤቱ ጋዙን ለቅቀው ቶሎ እንዲሠሩለት ለመነ፤ ወንድሜ ግን ማሽናቸውን አገናኝተው መሳብ ጀመሩ። ሰውየው ትዕግሥቱ አልቆ እርሳቸውንም አቶ ሰይድንም አባረረና ሌላ ጠጋኝ አስጠራ። ወሬው ሠፈሩን ሲያዳርስ ሌሎች ደንበኞችም እየተንጠባጠቡ ቀሩ።

አቶ ሰይድ ልጆች የሚያሳድጉ ሰው ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከአቶ ሰይድ ጋር ነበርኩ። "ከሁሉ የሚበልጠው የነዳጁ ጭስ ነው ያልከን አንተው ነህ። ታዲያ በትንሿ ምክንያት ሱቃችንን ለምን ታስዘጋዋለህ?" አሏቸው። ወንድሜም "ለመኪናው ባለመኪናው ይጠየቅበት፤ ይኼ ግን የሚወጣው በእኔ እጅ ነው" ብለው መለሱ። በዚያው ወር ዕቃቸውን ተካፍለው ተለያዩ። አቶ ሰይድ ሩዋንዳ ቀሩ፤ ወንድሜ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ተከራይተው በቦሌ ለሚ አካባቢ ያሉ የሠራተኛ ምግብ ቤቶችን ፍሪጅ እየጠገኑ ቤተሰባቸውን አስተዳደሩ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ካልሆነ አይገናኙም ነበር።

ያልተበከለውን ጋዝ አጣርተው መልሰው ይሠሩበት ነበር። የተበከለውንና የተደባለቀውን ግን በሲሊንደር እያሸጉ ሱቃቸው ውስጥ ደረደሩት። የሚረከባቸው ፈልገው በየቢሮው ዞሩ፤ ሁሉም በትሕትና ተቀብሎ በትሕትና ሸኛቸው። በመጨረሻ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ብዙ እንደማይቆዩ ሲያውቁ ያስጨነቃቸው ሞቱ አልነበረም። ሱቁ የኪራይ ነው፤ እርሳቸው ሲያልፉ ይለቀቃል፣ ሲሊንደሮቹም ለቆራሌ ይሸጣሉ። ቆራሌ የሚፈልገው ብረቱን ስለሆነ ቫልቩን ከፍቶ ያስተነፍሰዋል፤ የዕድሜ ልፋታቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ በንኖ ይጠፋል። እኔ በረቴ ውስጥ ላስቀምጠው ብል "ሚቴኑ አልበቃ ብሎህ ነው?" ብለው ሳቁብኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔ ቫልቭና ቧንቧ አልለይም።

አቶ ሰይድ ሆስፒታል ሊጠይቋቸው ሲመጡ ወንድሜ የለመኗቸው ሲሊንደሮቹን ተረክበው እንዲያስቀምጡላቸው ብቻ ነበር። አቶ ሰይድ ዱዓ አድርገው ምንም ሳይመልሱ ወጡ። እኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ወንድሜ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሡትም።

አቶ ተስፋጽዮን ሰኞ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ድንኳኑ ገና ሳይተከል አቶ ሰይድ አይሱዙ ይዘው መጥተው ወይዘሮ ፀጋን የሱቁን ቁልፍ ጠየቁ። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ቫልቭ በእጃቸው እየፈተሹ አስጫኑና ወደ ሩዋንዳ ወሰዷቸው። ለቅሶ የተቀመጡት ከዚያ ሲመለሱ ነው። ሆስፒታል ለምን ዝም እንዳሏቸው ስጠይቃቸው "በባዶ እጄ ቃል አልሰጠውም ብዬ ነው፤ ጓሮዬ ክፍል እየሠራሁለት ነበር። ቀደመኝ" አሉኝ።

በሐዘን የቀሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀጋ፣ ልጆቻቸው ገብረትንሣኤና የትናየት፣ ወንድሞቻቸው ገሰሰና ሰይድ ናቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች ዕቅፍ ያሳርፍ፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።