የሰርጓጅ መርከቡ ዘበኛ የቸረን ስድስት ወር

ሮማ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ለተከበሩ የሰርጓጅ መርከብ ሙዚየም ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና በጡረታ ላይ የሚገኘውን የሰርጓጅ መርከብዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት የሚሰጠን የሰው ቤት ሠራተኞች፣ ደኅና ነን ማለት ይቻላል። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ በማኅበራችን ሰሌዳ ላይ ስለምለጥፈው የእኛም ሰዎች እንዲያነቡት ብዬ ነው።

መጋቢት ላይ በአንዱ ሐሙስ፣ እንደ እኛው የሰው ቤት ሠራተኛ የሆኑትን እትዬ ዙፋንን ይዤ በባቡር መጥቼ ሙዚየምዎን ጎብኝቻለሁ። ልጃቸው ጌጡ ምጽዋ ላይ መርከበኛ ስለ ነበር፣ መርከበኛ የሚተኛበትን ቦታ ለማየት ይመኙ ነበር። ጌጡ ታኅሣሥ ላይ በውጊያ መሞቱን ግን ከእርሳቸው በቀር ሁላችንም ካወቅን ወር አልፎን ነበር። በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው፤ ማለዳ ማለዳ ግን የአሠሪዎቻችንን ልጆች ቁርስ ስለምናበላ ለሐሙስ ቀጠርነው። የማኅበራችን ሴቶች ቶር ፒኛታራ ሰፈር ባለችው ክፍሌ እስኪሰበሰቡ እትዬን ይዞ የመቆየቱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ፤ እኔም የእርስዎን ደጅ መረጥኩ። አሁን ቅሬታዎቼን በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በሮችዎ እጅግ ዝቅተኛ ናቸው። እትዬ ዙፋን ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው በየበሩ ጎንበስ እያሉ በሰላም ሲያልፉ፣ እኔ ግንባሬን ተመታሁ። ለዚህ ምስጋናዬ ልዩ ነው፤ ፊቴ ለምን እንደ ጠቆረ ሲጠይቁኝ የማመካኝበት አገኘሁ።

፪ኛ፦ የአንዱ መርከበኛ አልጋ ብርድ ልብስ ተጨማዶ ነበር። እትዬ አላስቻላቸውም፤ ጠርዙን ሲያጥፉ ዘበኛዎ «ሲኞራ፣ አይነካም» አላቸው። ለቅርስ ያለዎትን ተቆርቋሪነት አደንቃለሁ፤ ብርድ ልብሱ እንደ ተጨማደደ ለትውልድ ይተላለፋል።

፫ኛ፦ ዋናው ቅሬታዬ የዘበኛዎ ደግነት ነው። እትዬ ሲያዝኑ አይቶ ምክንያቱን ጠየቀኝ፤ ልጃቸው መርከበኛ መሆኑንና ከኅዳር ወዲህ እንዳልጻፈ ነገርኩት። እሱም የቀድሞ መርከበኛ ነበርና፣ የገዛ እናቱ ስድስት ወር ያለ ደብዳቤ ጠብቃ በደኅና እንደ ገባላት አጫወተን። ማን ጠየቀው? እትዬ «ምን አለ?» ሲሉኝ፣ «ምንም» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩላቸው። ፊታቸው ሲበራ ደስ አለኝ፤ አፍሬ እናገራለሁ፣ ክቡር ሆይ፣ ደስ አለኝ። በባቡሩም ለጌጡ ምን ዓይነት ሹራብ እንደሚልኩለት ሲያማክሩኝ፣ ሰማያዊው ይሻላል አልኩ።

አራተኛው ቅሬታ እርስዎን አይመለከትም። የክፍሌ በር ሲከፈት ጥቁር የለበሱት ሴቶች ከተቀመጡበት ተነሡ። እትዬ ዙፋን ደጃፉ ላይ ቆመው አንድ በአንድ አዩአቸው፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሊያስቀምጧቸው ሞከሩ። «ተቀመጡ እንጂ» አሉ፤ «ገና አራት ወሩ እኮ ነው። እስከ ስድስት ይጠበቃል።» አንዷም አልተቀመጠችም። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ወለሉን አየሁ።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ዘበኛዎን እንዲገስጹልኝ ነበር። አሁን ግን ይተዉት። እሱ የማያውቀውን ተናገረ፤ እኔ የማውቀውን ይዤ ሹራብ አማረጥኩ።

ብረትዎን ከዝገት፣ ጎብኚዎችዎንም እንደ እኔ ካለች አስተርጓሚ ይሰውርልዎ እያልኩ፣ ከነግንባሬ እብጠት በትሕትና እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
ሰናይት ጎበና

ማሳሰቢያ፦ እትዬ ዙፋን ያ ብርድ ልብስ በደንብ እንዲነጠፍ ይለምናሉ። ይህን ያገኘሁት በሰው በኩል ነው፤ እኔን አያነጋግሩኝም። መልስ ከሰጡ በቀጥታ ለእርሳቸው ይላኩ። ጣሊያንኛቸው የወጥ ቤት ነው፤ ቢሆንም «ሰናይት ሁሉን ከምትተረጉምልኝ ግማሹ ባይገባኝ ይሻለኛል» ብለዋል።