ከጅዳ የመጣው የዱላ ጫፍ

ለታላቅ ወንድሜ ለሙዘይን፣ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ አሚናትና ልጆቹስ ደህና ናቸው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለን። እማዬም እህታችን ራህማም ይተነፍሳሉ። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን ይህ ወረቀት በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ ስለሚደርስህ የሆዴን ብናገር ይሻላል።

ጋሼ፣ ስሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከተመረጡት ውስጥ ገብቷል። የፊታችን ሰኞ ወደ ደሴ እንጫናለን፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚወስዱን የነገረን የለም። እንዴት ሆነ ትለኝ ይሆናል። ነገሩ አንተንም ስለሚነካ ከሥሩ ልንገርህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ የቀበሌያችን ክበብ ከአንድ የተወረሰ ሆቴል የመጣ የፑል ጠረጴዛ አገኘ። ጨርቁ ሦስት ቦታ ተጥፏል፣ ወለሉም ወደ በሩ ይዘቀዝቃል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ከሐይቅ ከተማ የሚያሸንፈኝ አልነበረም፤ የማይወዱኝም ይመሰክራሉ። የምመታበትን ዱላ ጫፍ ጫማ ሰፊው አሻግሬ ከበሬ ቆዳ ቆርጦ የለጠፈልኝ ነበር። ሰፊ ነው፣ ለዓይን አያምርም፣ ነገር ግን እጄ ትንሽ ቢስትም ነጯን ኳስ ወዳሰብኩት ይወስድልኝ ነበር፤ ስለሱም ጽፌልህ ነበር።

በመስከረም የስፖርት ኮሚቴው ሰዎች ከውጫሌ ጋር ውድድር አዘጋጁ። አሸናፊው በስፖርተኛነት ተመዝግቦ የዘንድሮው ምልመላ አይነካውም አሉ። እማዬ ይህን ስትሰማ ምንጣፏ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አባታችን ካለፈ ወዲህ የሐይቁን ዳር መሬት የማርሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ታውቃለህ።

በዚያው ሰሞን ሐጂ ኢስሃቅ ከሐጅ ተመለሱና የላክኸውን አደረሱ። ቴምሩ፣ የዘምዘሙ ውኃ፣ በአንዲት ጨርቅ ተቋጥራም ሰማያዊ የዱላ ጫፍ። በወረቀትህ ላይ ይህ አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ነው፣ እዚህ ጅዳ አዋቂዎቹ የሚወዱት ጠባቡን ነው፣ ያንን የጫማ ቆዳ ጣለው ብለህ ጻፍክ። ጠረጴዛችን ምን እንደሚመስል፣ ኳሶቻችን ስንቱ እንደተፈነከተ አልጠየቅኸኝም። ከሩቅ ሆኖ መምከር ምን ያስከፍላል?

አሻግሬ ሳያቅማማ ነገረኝ። ጫፉ ጠባብ ስለሆነ የዱላውን አፍ ልፍቀው ነው፣ የተፋቀ እንጨት ደግሞ ተመልሶ አይወፍርም፣ ውድድሩ እስኪያልፍ ታገስ አለ። እኔም ልታገስ ነበር። እማዬ ግን ጫፉን ከቴምሩ ጋር ሰባት ቀን አሳድራ፣ ከሐጅ መንገድ የመጣ ነገር በረካ አለው፣ ታላቅህ የላከልህን ንቀህ በጫማ ሰፊ ቆዳ ብትቆም አላህም ይታዘብሃል አለችኝ። የሐጅ ስጦታ በዚህ አገር አይመለስም፣ ያውም የታላቅ ወንድም። አሻግሬ አንገቱን እየነቀነቀ ዱላዬን በመስተዋት ስባሪ ፋቀው።

ለእማዬ ብዬ ነው ያደረግሁት ብልህ ግን ግማሹ ውሸት ነው። ጠባቡ ጫፍ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ትንሽ ነው፤ ነጯን ከሥሯ ስትነካት ሄዳ ትመለሳለች፣ ጎኗን ስትነካት ትታጠፋለች። ሰፊው ይህን ሁሉ አያውቅበትም ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ክበቡ አጨበጨበልኝ፣ እኔም ልቤ አበጠ። ሰፊው ቆዳ የእጅን ጥፋት እንደሚሸፍን፣ ጠባቡ ግን አንዲት ፀጉር ያህል ብትስት እንደሚያጋልጥ ያኔ አላሰብኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ውድድሩ በኅዳር አጋማሽ እኛው ክበብ ተደረገ። ከውጫሌ የመጣው አስረስ የሚባል የካህን ልጅ ነው፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ የያዘው ዱላም ወፍራም ጫፍ ያለው አሮጌ ነበር። እሱ ሳያስጨበጭብ ቀጥ ቀጥ እያደረገ ይመታ ነበር። ተያይዘን ሄድንና በመጨረሻ ለእኔ ማሸነፊያዋ ጥቁሯ ኳስ ብቻ ቀረች። ከቀዳዳዋ አፍ ቆማለች፣ መንገዱም ቀጥ ያለ። በድሮው ቆዳ ዓይኔን ጨፍኜ የማስገባት ነበር። ጋሼ፣ እርሻዬን፣ እማዬን፣ ምልመላውን ሁሉ አስቤ ቸኩዬ መታሁ። ጫፉ ነጯን ከመሐሏ ትንሽ ወደ ቀኝ ነካት፣ እሷም ዞራ ጥቁሯን ስታ ራሷ ቀዳዳ ገባች። በጥቁሯ ላይ ነጯን ያስገባ ተሸናፊ ነውና ጨዋታው በዚያው አለቀ።

አስረስ ሳይጨፍር መጥቶ ትከሻዬን ይዞ፣ ወንድሜ፣ ኳሷ እንዲህ ልትከዳህ አይገባም ነበር አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰው አፍ የወጣ ደግ ቃል ሁሉ ይመረኛል። እማዬ ደግሞ ቢስሚላህ ሳትል መትተህ ነው ትለኛለች። አዎ ብያታለሁ። በላክኸው ምክንያት መሆኑን ብነግራት ሁለት ልጅ በአንድ ቀን ታጣለች።

ተቆጥቼብሃለሁ፣ አልደብቅህም። ስለላክኸው አይደለም፤ እዚያ ሆነህ እዚህ ያለውን የምታውቅ መስሎህ ስለምትኖር ነው። በየወሩ ምክር እንጂ አንድ ጥያቄ መጥቶልኝ አያውቅም።

ለአሚናት፣ ለልጆቹም ለእያንዳንዳቸው ሰላም በልልኝ። ራህማ እጅህን ትስማለች። ሐጂ ኢስሃቅ ዱዓ ያደርጉልሃል፣ አሻግሬም ሰላም ብሎሃል። እማዬ ደህና ነች ብለህ ጻፍለት ብላኛለች፤ ትናንት ግን ሞፈሩን ራሷ ተሸክማ ከጎረቤት ዘንድ አደራ ስታስቀምጥ አየኋት። የምትጽፍልኝ አድራሻ የለኝም፣ ደብዳቤም አትጠብቅ። ከሰኞ ጀምሮ ለእናታችን ወንድ ልጇ አንተ ብቻ ነህ።

ወንድምህ ኑርዬ
ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1980 ዓ.ም.