የሻንጣው ሐኪም

ሰኔ 9 ቀን 1972

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ሠላሳ አንድ መርፌ ወጋሁ፣ አህያ የረገጠው እግር ጠቀለልኩ፣ አንዲት አሮጊት ረገሙኝ፣ ወዲያው ደግሞ መረቁኝ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ክረምቱ ቆቦን ረሳት?

አዲስ ሐኪም ከደሴ መጣ ተባለ። መጡ ልበል፣ ሽበት አላቸው። ዶክተር ሙሉጌታ። በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፣ ሻንጣ በእጃቸው። «እንኳን ደህና መጡ» አልኩ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ጥያቸው ሄድኩ። የደሴ ትዕቢት በአውቶቡስ ተጭኖ መጣልን... ይሄ ነበር የቀረን።

ወደ ደሴ ለመዛወር ያስገባሁት ማመልከቻ ሦስት ወር ሞላው። መልስ የለም።

ሰኔ 11

አፈርኩ። ሰውየው ለካ አይሰሙም።

የነገረኝ ይሁኔ ነው። ቁስል የሚያጥበው እሱ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው እሱ፣ ወሬ የሚያመላልሰውም እሱ። ዶክተር ደሴ ላይ ስመ ጥር ቀዶ ጠጋኝ ነበሩ አለኝ። ከበሽተኛ ሳንባ ነቀርሳ ተጋባባቸው። መርፌው በሽታውን አጠፋ፣ ጆሯቸውንም ይዞባቸው ሄደ። አሁን የሰው ከንፈር እያዩ ነው የሚያወሩት። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም አፉን ይሸፍናል፤ ከንፈር ከየት ይመጣል? ስለዚህ «ኦፕራሲዮን አይሠራም» ተባሉና ተመላላሽ እንዲያዩ ወደኛ ተላኩ።

እኛም ጋ እኮ ኦፕራሲዮን ክፍል አለ። ሐኪም ጠፍቶለት ሁለት ዓመት ተቆልፏል። ቁልፉ ኃላፊያችን ጓድ ካሳው ኪስ ውስጥ ነው።

ሄጄ ፊት ለፊታቸው ቆምኩና ሰላም አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ድምፃቸውን መመጠን አይችሉም ለካ። «ሰኞ ዕለት ተቆጥተሽ የሄድሽው አንቺ ነሽ?» ሲሉኝ ግቢው በሙሉ ሰማ።

ሰኔ 19

ቡአው ወጥቶ አንጀቱ የታነቀበት ገበሬ ከቆላ በቃሬዛ መጣ። በጭነት መኪና ወደ ወልድያ ላክነው። ዶክተር የመኪናው አቧራ እስኪጠፋ በር ላይ ቆሙ። «አርባ ደቂቃ ብትሰጡኝ...» አሉ። ለማን እንዳሉት አላውቅም። ሰውየው ይደርስ ይሆን?

ሰኔ 24

ደርሷል። ተርፏል ብለው ላኩልን። አልሐምዱሊላህ።

ዶክተር ሻንጣቸውን እስካሁን አልፈቱም። ያስተዋለችው ታንጉት ናት። ታንጉት የጤና ጣቢያው ልብስ አጣቢ፣ የኛም ጎረቤት። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፣ አትናገርም። እጇ ግን አፍ ያለውን ሁሉ ያስንቃል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሷ ጋር በእጅ ሳወራ ነው ያደግሁት። ለሰው ሁሉ ስም አላት። እኔ በጉንጬ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ነኝ። ጓድ ካሳው ኪሱን መታ መታ ማድረግ፣ ማለትም ቁልፍ። ዶክተር ደግሞ... ክንዷን ወደ ታች ትዘረጋና ጭብጧን ጥብቅ ታደርጋለች። ሻንጣ። ነገ ሊሄድ የተዘጋጀ ሰው ማለቷ ነው።

ዛሬ ልብስ ማስጫው ጋ ቆመን ስንስቅ ዶክተር አዩን። መጡ።

«ምን አለችሽ?»

«ጓድ ካሳው ሱሪው ጠቦታል አለች።»

ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ከዚያ ታንጉትን ረጅም ሰዓት አዩዋት።

«አፏን ሳታንቀሳቅስ?»

«አፏን ሳታንቀሳቅስ።»

ሁለታችንም አንድ ነገር ያሰብን መሰለኝ።

ሐምሌ 2

ትምህርት ጀምረናል። መምህርቷ ታንጉት፣ ተማሪዎቹ ዶክተርና ይሁኔ፣ ትምህርት ቤቱ የልብስ ማጠቢያው ጥግ። የመቀስ ምልክት ቀላል ነው። መቆንጠጫ፦ ሁለት ጣት አውራ ጣትን እንደ ጉንዳን ይነክሳል። ክር አለ፣ ጨርቅ አለ። ደም፦ ከንፈርን መንካትና ጣቶችን ወደ ታች ማፍሰስ።

መጀመሪያ ዶክተር አፈሩ። «በዚህ ዕድሜዬ እጄን ሳወናጭፍ ሰው ምን ይላል?»

«ሲጮሁ ከሚለው አይብስም» አልኳቸው። አፌን በእጄ ከደንኩ፣ ግን ከንፈሬን አይተውታል። ሳቁ።

ታንጉት ጨካኝ መምህር ናት። ሲያጠፉ እጃቸውን ትመታቸዋለች። የስንቱን ሆድ የከፈተ እጅ!

ሐምሌ 10

ረመዳን አራተኛው ቀን። ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ጭንቅላቴ ግን ይሠራል።

አንድ ነገር አላለቀልንም። እኔ ከዶክተር ፊት ለፊት ስለምቆም በእጅ እንግባባለን። ይሁኔ ግን በበሽተኛው ራስ በኩል ነው የሚቆመው። የደም ግፊቱን ቁጥር እንዴት ይንገራቸው? ዓይናቸው ቁስሉ ላይ ነው። እጃቸውን እንዳይነካ ንጹሕ ነው፣ ሥራም ይዟል።

ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ በድረዲን የከብት ገበያ ደላላ ነው። ገበያ ላይ የበሬ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ በጋቢ ስር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ይነጋገራሉ፣ አጠገባቸው የቆመ እንኳ አያውቅም። ከአፋር ግመል ይዞ የመጣውም ይህችን ቋንቋ ያውቃታል። አባዬ ጢሙን እያሻሸ አሰበ።

«እጁ ከተያዘ ጀርባው ሥራ ፈቶ የለም ወይ?»

እኔ ይህን እንዴት አላሰብኩትም? ጋውኑ ጋቢ ሆነ!

ሐምሌ 16

አባዬ እየጾመ በየቀኑ ይመጣል። ቀኝ ትከሻ ግፊት ነው፣ ግራ ትከሻ የልብ ትርታ። ሙሉ መዳፍ መቶ፣ አውራ ጣት ሃምሳ፣ ሌላው ጣት እያንዳንዱ አስር። ይሁኔ ቶሎ ገባው። ጤና ረዳት ከመሆኑ በፊት አባዬ ዘንድ ድለላ ለምዶ ነበርና። ዶክተር ዓይናቸውን ጨፍነው «ዘጠና... መቶ ሀያ... ሰባ» ይላሉ። አንድም አልሳቱም። አባዬ፣ «ሐኪም፣ አንቱ በሬ ብትነግዱ ያዋጣችሁ ነበር» አላቸው።

ጓድ ካሳው ሁሉንም በመስኮት ሲያይ ከረመ። «አንድ ሰው ቢሞት የምጠየቀው እኔ ነኝ» ይላል። ዛሬ ግን ቁልፉን አወጣ። ትንንሹን ኦፕራሲዮን ብቻ፣ ካልተስማማኝ እዘጋለሁ ብሎ።

ታንጉት ግድግዳውን በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ሐምሌ 24

አንድ የጎብዬ ነጋዴ፣ ቡአ። ሁሉም ነገር እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ዶክተር ጣታቸውን ያሳያሉ፣ እኔ አቀብላለሁ። ከዚያ አንጀቱ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ዶክተር በራሳቸው ነገር ተበሳጭተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያች ደቂቃ ይሁኔ «ሰማንያ» ብሎ ተጭኖ ነበር። ራሳቸውን ሲነቀንቁ ሲያይ ዘጠና አደረገው! አሁንም ነቀነቁ። መቶ አደረገው!

ዋጋው ያልተስማማቸው መስሎት... የገበያው ልማድ እጁን ይዞት ሄደ።

እኔ መለኪያውን አየሁት፣ ሰማንያ ላይ ነው። መቆንጠጫውን ዓይናቸው ስር ያዝኩባቸውና በግራ እጄ ጣቶቼን አፈሰስኩ፦ ወረደ፣ ወረደ። ቀና አሉ። ወዲያው ገባቸው። «ግሉኮሱን ልቀቀው» ብለው ሲጮሁ መንገድ የሚሄድ ሰው ሳይደነግጥ አይቀርም። ግፊቱ ተመለሰ። ነጋዴው ነቅቶ መጀመሪያ የጠየቀው በቅሎውን ነው።

ይሁኔ ከበስተኋላ ሄዶ አለቀሰ። ጓድ ካሳው ነገሩን አላወቀም። ዶክተር ግን ራሳቸው ሄደው ነገሩት። ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ክፍሉን ሲቆልፈው ሊያዩ የፈለጉ ይመስል ፊቱ ቆሙ። እሱም አሰበ አሰበና «ሌላ ጊዜ እንዳይደገም» ብሎ ኪሱን ሳይነካ ሄደ።

ሐምሌ 25

አባዬ ይሁኔን አስቀምጦ መከረው። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦

«ልጄ፣ እኔ ያስተማርኩህ ሰው የሚቆርጠውን ዋጋ ነው፣ ሰው ያነሳዋል ይጥለዋል። ይሄኛውን የቆረጠው አላህ ነው። ሻጩ ቢያኮርፍም፣ ቢቆጣም፣ ያየኸውን ትናገራለህ፣ ጣትህን ትተክላለህ። አብሽር፣ አንተ ብቻ አይደለህም የተሳሳትከው። እኔም አላስጠነቀቅኩህም።»

ከዚያ ሁለቱ ሙሉ ቀን ተለማመዱ። አባዬ የዶክተርን ቦታ ይዞ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያጉረመርማል፣ «ጨምር» ይላል። ይሁኔ ጣቱን አያነሳም።

ነሐሴ 6

ዒድ። ዶክተር ቤታችን መጡ። ለአባዬ በታንጉት ምልክት «ዒድ ሙባረክ» ለማለት ሞክረው «በግህ ታጠበ» አሉት። እስከዛሬ ዘጠኝ ሰው ቀደዱ፣ ዘጠኙም በእግሩ ወጣ።

ነሐሴ 13

ከደሴ አንድ ኃላፊ መጡ። ሐኪም አይደሉም፣ የአስተዳደር ሰው ናቸው። «አንድ መስማት የማይችል ሰው ኦፕራሲዮን ያደርጋል የሚል ጥቆማ ደርሶናል።» ዶክተርን በወንበር አስቀመጡና ከኋላቸው ቆመው ሦስት ጊዜ ስማቸውን ጠሩ። ዶክተር መስኮቱን ያያሉ። ኃላፊው ጻፉ። ያ ነው ምርመራው? እኔ ተናገርኩ፣ ይሁኔ ተናገረ፣ ማን ይስማን። ነገ ይዘዋቸው ሊመለሱ ነው፣ ደሴ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እንዲያገላብጡ። ክፍሉም ይታሸጋል።

ዶክተር ያልፈቱትን ሻንጣ ምን ያዘጋጁታል?

ተቃጠልኩ። ተራራው ላይ ደመናው ጠቁሯል።

ነሐሴ 14

ከየት ልጀምር...

የጎሊና ወንዝ ሞላ። ወደ ወልድያ መኪና አያልፍም። ኃላፊው ሻንጣቸውን ይዘው ግቢ ውስጥ ቆመው ሳለ ከዋጃ ሀሊሜ የምትባል ሴት መጣች። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን። ልጁ በወርድ ተጋድሟል፣ ልቡ ግን ይመታል። ባሏ ሰላሁዲን እግራችን ላይ ወደቀ።

ጓድ ካሳው ቁልፉን አወጣ። ኃላፊው መንገድ ዘጉበት።

«በማን ፈቃድ ነው የምትከፍተው?»

«በጎሊና ፈቃድ» አለ። ካሳው! ያ ጥላውን የሚፈራው ሰውዬ!

ኃላፊው አፋቸውን ሸፍነው ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። የመሣሪያ ኳኳታ ብቻ። ዶክተር ሁለት ጣት፣ መቀስ። ጉንዳን፣ መቆንጠጫ። ዝም ባለው ክፍል ውስጥ ያ ሁሉ ወሬ!

ከዚያ የይሁኔ ጣት በቀኝ ትከሻቸው ላይ ተተከለ። ሰባ። ዶክተር ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰባ። አሁንም ነቀነቁ። ሰባ። ጣቱ ንቅንቅ አላለም። ዶክተር ግሉኮሱን በእጃቸው አዘዙ፣ እጃቸውን አፈጠኑ፣ ልጅቷን ሳቡ።

ጮኸች። ሁላችንም ሰማን... ከእሳቸው በቀር። ጀርባዋን እያሹ ፊቷን ይፈልጋሉ። ያኔ ይሁኔ ገበያ ላይ ሽያጭ ሲያልቅ እንደሚደረገው በሙሉ መዳፉ ጀርባቸውን ጧ አደረገው። ተሸጠ!

ዶክተር ሳቁ፣ እንባቸው መሸፈኛው ውስጥ ገባ። እኔም አለቀስኩ፣ ማንን ልደብቅ። የሀሊሜ ግፊት ሲመለስ ኃላፊው ቀስ ብለው ወጡና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ታንጉት በደም የራሰውን ጨርቅ ይዛ ስታልፍ ተነሥተው መንገድ ለቀቁላት።

ነሐሴ 16

ጎሊና ጎደለ። ኃላፊው ብቻቸውን ተሳፈሩ። ትናንት ሲጽፉ ዋሉ። ምን ብለው እንደሆን አላህ ያውቃል።

መስከረም 8 ቀን 1973

ደብዳቤው መጣ። «...ያሉበትን የሥራ ቡድን ይዘው በዚያው ጤና ጣቢያ ቀዶ ሕክምናውን እንዲቀጥሉ...» ከስር ማኅተም፣ አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት። ጓድ ካሳው ሁለት ጊዜ አነበበው። ዶክተር ከንፈሩን እያዩ ሦስተኛ እንዲያነብ አደረጉት። ከዚያ ቤታቸው ገብተው ሻንጣቸውን ባዶውን ይዘው ወጡና ለታንጉት ሰጧት። ሳሙናዋን አስቀመጠችበት።

በዚያው ፖስታ ውስጥ የኔም ነበር። ወደ ደሴ መዛወሬ ተፈቅዷል። ስንት ወር የጠበቅኩት...

ከሰዓት ልብስ ማስጫው ጋ ታንጉትን አገኘኋትና ክንዴን ዘርግቼ ጭብጤን አጠበቅኩ፦ ሻንጣው የት ሄዱ? ማንን እንደምል ያልገባት መሰለች። ደግሜ አሳየኋት። ቆጣ አለች። በማይታይ መርፌና ክር አየር ላይ ሰፋችልኝ፦ እሱ አሁን ይሄ ነው፣ ያኛውን እርሺው። ከዚያ ደብዳቤዬን ኪሴ ውስጥ አየችው። ፊቷ ተለወጠ። ጉንጯን በጣቷ ነካች፣ እኔን ማለቷ ነው፤ ቀጥላም ክንዷን ወደ ታች ዘርግታ ጭብጧን ጥብቅ አደረገች።

ጭብጧን ያዝኩና ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታኋቸው።