ስለ እድራችን አዳራሽ ቁልፍ

ነሐሴ 1999 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ለመላ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከኪስዎ ለማይለየው የእድራችን አዳራሽ ቁልፍ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በዚሁ አዳራሽ ስለ ሕግ የበላይነት የሰጡንን ሥልጠና በጥሞና ተከታትያለሁ። የፍርድ ቤት ውሳኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ላይ ቢሆን ሳይሸራረፍ እንደሚፈጸም ሲያስረዱን ከልብ አጨብጭቤአለሁ። ጭብጨባዬ ቀዝቀዝ ብሎብዎ ከሆነ ይቅርታ፤ ቀበሌው አዳራሹን ከነንብረቱ ለእድራችን እንዲመልስ የተሰጠውን የመጨረሻ ፍርድ በአንድ እጄ ይዤ ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፦

1. ፍርዱን ስናደርስልዎ ከወንበርዎ ተነሥተው ስለተቀበሉን፣ «ሕጉን እናከብራለን፤ አፈጻጸሙን ግን ከበላይ አካል ጋር እንነጋገርበታለን» ስላሉንም። በሥልጠናው ላይ ከፍርድ ቤት በላይ ያለው አካል የትኛው እንደሆነ ጠይቄዎ ነበር። ለሻይ ዕረፍት ወጣን።

2. በሐምሌ አቶ ተከስተ ሲያርፉ የእድሩን ድንኳን ልናወጣ ብንሄድ በሩ ተቆልፎ ስለጠበቀን። ዘበኛው አስመላሽ «ጋሼ፣ እናንተ ናችሁ ትክክል፣ እኔም አውቃለሁ። ቁልፉ ግን እሳቸው ጋ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ናቸው» አለኝ። አቶ ተከስተ የእድሩ ንብረት ኃላፊ ነበሩ፤ ያን ድንኳን ለሰፈሩ ሐዘን ሁሉ ሲተክሉ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አየለች ግን ከቂርቆስ ቀብር መልስ የተቀመጡት ከየጎረቤቱ በተለቃቀመ ሸራ ሥር ነው። ሸራው ያፈሳል። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆሞ ዋለ።

3. ለሥልጠናው በራሳችን አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከዚያው ድንኳን አጠገብ ስላስቀመጡን። ድንኳኑ አንድም ጠብታ አልነካውም፤ አያያዝዎ የሚደነቅ ነው።

አሁን የአቶ ተከስተ አርባ ደርሷል። ዝናቡም አላባራም። ፍርዱ ይፈጸም ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ወይዘሮ አየለች እንግዶቻቸውን የሚያስጠልሉበት ድንኳን ለዚያች አንድ ቀን እንዲፈቀድላቸው ብቻ እለምናለሁ። በሕግ የራሳቸው የሆነውን ነገር ለምነው ማግኘታቸውም ቢሆን ለቀጣዩ ሥልጠና ጥሩ ምሳሌ ይሆንዎታል።

ለሥልጠናው የሰጡንን የምስክር ወረቀት ከፍርዱ ጎን ግድግዳው ላይ የሰቀለው፣ ሁለቱንም እያየ የሚያድር አክባሪዎ፣

ደቻሳ ያደታ
የእድሩ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎም የእድራችን አባል ነዎት። ዕድሜዎን ያርዝመውና፣ ቀኑ ሲደርስ በዕለቱ ደጅዎ ላይ ድንኳን የመትከል ግዴታ አለብን፤ እኛ ደግሞ ደንባችንን አፍርሰን አናውቅም። ስለዚህ ቁልፉን ለማን ሰጥተው እንደሚሄዱ ከወዲሁ ቢያሳውቁን።