ሊሲን በሽሮው ድስት

ዳንግላ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 17 ቀን 1957 ዓ.ም.

እህቴ ይመኙሻል ልጇን ታንጉትን በጋሪ ይዛ ክሊኒክ መጣች። ለሕክምና አይደለም፣ እንዳደንቅላት ነው። «ጋሼ፣ ጡት ካስጣልኳት ወዲህ እንዴት እንደ ወፈረችልኝ እያት!» አለች። የሕፃኗን እግር በጣቴ ተጫንኩት፤ ጎድጉዶ ቀረ። ውፍረት ቢሆን እኔም እልል ባልኩ። ውሃ ነው፤ ገንቢ ምግብ ያጣ ሕፃን በዚህ በሽታ እንዲህ ያብጣል።

እኔ ድሬሰሩ፣ ቁስል አጣቢው የሐኪም ረዳት፣ የዳንግላ ሊቀ ሊቃውንት፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ሰበክሁ። ሊሲን የሚባል ነገር አለ፤ ሰውነት ያለ እሱ ሥጋ አይሠራም፣ ራሱም አያበጀውም፣ ከምግብ ብቻ ነው የሚያገኘው። ገብስ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ባቄላና አተር ውስጥ ግን ሞልቷል።

«ሽሮማ በየቀኑ እንሠራ የለ!»

«እሷስ ትበላለች?»

«በርበሬው ያቃጥላታል፤ ለእሷ የገብስ ቂጣ ነው የምሰጣት።»

እንግዲህ ክቡር ሊሲን እዚያው ቤት ድስት ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል፤ በረኛው በርበሬ ነው!

«አልጫ አድርገሽ ስጫት» አልኳት።

«ይኸን ለማለት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ከጎረቤት አልጫ ሽሮ አስመጣሁ። ታንጉት ፊቷን አዞረች። ወተት ሞከርን፤ አፏን ገጠመች። ይመኙሻል ያን ጊዜ ሳቋን ተወች።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው የማትበላው?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ በሽታው ሲጠና የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ይህን ከመንገር ይልቅ ወደ ልጅቷ ዞርኩ። ማንኪያውን ይዤ «እታለም፣ አንዴ ብቻ፣ ለአጎትሽ ስትይ» እያልኩ ስለምናት ዋልኩ። የዳንግላው ሊቅ የአንዲት ሕፃን አፍ ማስከፈት አቅቶት ቀኑ መሸበት።